ስልኩ ቀድሞ የሰማው መርዶ

ከባሕር ዳር የወጣሁት ተቆጥቼ ነው። መኪና እንሰጥሃለን ሲሉኝ የሰነበቱ የቢሮዬ ሰዎች በመሄጃዬ ጠዋት «ነዳጅ የለም፣ በሚኒባስ ሂድ» አሉኝ። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ላላየህ አንባቢ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ኮምፒውተር ታቅፎ በዚያ መንገድ ሲንገላታ ምን እንደሚመስል በቃል አይነገርም። ቢሆንም እሞክራለሁ፤ መቼም አንተ አትሄድበትም።

ሐሙስ

መጀመሪያ ለምን እንደሄድሁ ልናገር። እኛ የምንሠራው ሰው በአማርኛ ሲናገር እየሰማ የሚጽፍ፣ በእጅ የተጻፈውንም እያነበበ ወደ ኮምፒውተር ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ኪቦርድ መነካካት ይቀርና ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን በአፉ ያዘዋል ብለን እናምናለን። ችግሩ፣ የእኛ ፕሮግራም የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሲናገር ጥንቅቅ አድርጎ ይጽፋል፤ ገበሬ ሲናገር ግን የሚጽፈው ነገር ያሳፍራል። ስለዚህ በየገበያው የገበሬ ድምፅ እንድቀዳ፣ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ደግሞ የድጓ ተማሪዎችን የእጅ ጽሕፈት ፎቶ እንዳነሳ ተላክሁ።

በፕሮግራሙ ውስጥ የእኔ ድርሻ የምለው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው በሚንጫጫበት ቦታ፣ ከዋናው ተናጋሪ ጀርባ ያለውን ዝቅ ያለ ድምፅ ሁሉ ለይቶ እንዲጽፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሰው ጆሮ የማይለየውን ይለያል። ዓመታት ለፍቼበታለሁ፤ ለማንም እንግዳ የማሳየው እሱን ነበር።

አብራኝ የሄደችው ትርንጎ የምትባል አስተማሪ ናት። መካነ ኢየሱስ ተወልዳ ያደገች የእስቴ ልጅ ናት፤ አሁን የምታስተምረው ባሕር ዳር ነው። የአካባቢውን ሰው ታግባባልኛለች ተብላ ነው የመጣችው፤ ከእኔ ጋር ግን ከመነሻው አልተግባባንም። እኔ መስኮቱ ይከፈት እላለሁ፣ እሷ ይዘጋ ትላለች። ደብረ ታቦር ላይ ሻይ ቀዝቅዞ መጣልኝ ብዬ አስተናጋጁ ላይ ስጮህ፣ «ጋሼ፣ ሻዩ እኮ ቀዝቅዞ ነበር፤ አንተው አሞቅኸው» አለችኝ። በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። በየኬላው ኮምፒውተሩን ክፈት እባላለሁ፣ በየኬላው እቆጣለሁ፣ በየኬላው እሷ ትለምንልኛለች።

ነፋስ መውጫ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባሕር ዳር ሰው አንሶላውን እየገፈፈ ነው የሚያድረው፤ እዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። የሆቴሉ ባለቤት አዝናልን እግራችንን የምንታጠብበት ሙቅ ውኃ በባልዲ አመጣች። ትርንጎ ጎንበስ ስትል ስልኳ ከደረት ኪሷ ተንሸራትቶ ባልዲው ውስጥ ገባ። ብናራግፈው፣ ብናደርቀው አልበራ አለ። ከመነጫነጭ ሌላ ምን እረዳታለሁ ብዬ ሲሟን አውጥቼ የእኔ ስልክ ሁለተኛ የሲም ቦታ ላይ አስገባሁላት፤ የመልእክት ገጿንም ከፈትሁላት። ከዚያ ወዲያ የሷም መልእክት ወደ እኔ ስልክ መምጣት ጀመረ፤ የእኔ ስልክ ደግሞ ፕሮግራማችን ስላለበት የሚመጣውን የድምፅ መልእክት ሁሉ ወዲያው ወደ ጽሑፍ ይቀይራል።

ያን ዕለት ማታ ከአባቷ አንድ መልእክት መጣ። አቶ ቢምረው ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ለልጃቸው የሚልኩት ድምፅ ነው፤ ስልክ ሲይዙም ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሆነው ይጮኻሉ። «ትርንጎ! ጋቢ ያዢ ብዬሽ ነበር፣ እንደማትይዢ አውቃለሁ። እኔ ጎኔን ወጋ አድርጎኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። እሁድ ስትመጪ በጉን አርዳለሁ፣ ሰውዬውንም ይዘሽው ነይ።» ፕሮግራሙ አንዲት ቃል ሳይስት ጻፈው። እኔ ከደስታዬ ብዛት ተነስቼ ቆምሁ፤ ትርንጎ ደግሞ «የበግ ግብዣ ስላገኘህ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

አርብ

አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ በገበያዋ ዕለት ደረስን። የገበያው ስፋት ከባሕር ዳሩ ሩቡን አያህልም፤ ግን ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፤ ችግሩ እሱ ነው። ገብስና ባቄላ ጭኖ የመጣው ገበሬ፣ አህያ ነጂው፣ ጨው ሻጩ፣ እኔ ስልኬን ዘርግቼ «እስቲ ስለ ዘንድሮ አዝመራ ንገሩኝ» ስል ዝም ብሎ ያየኛል። ጊዜው እንግዳ ሰው ስልክ ደግኖ የሚዞርበት አይደለም። አንድ ጎበዝ ዱላውን እንደያዘ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ድምፃችንን ወስደህ ለማን ነው የምትሰጠው?»

«ለማሽን ነው» አልሁት።

«ማሽኑ ደግሞ ለማን ይሰጠዋል?»

ሰው ከበበን። ትርንጎ በመሀል ገብታ፣ «አያ፣ እኔ የእስቴው የቢምረው ልጅ ነኝ። ክፉ ነገር ይዤባችሁ አልመጣም» አለች። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የትኛው ቢምረው? ጥንድ በሬ ይዞልን የሚመጣው?» ሲሉ «እሱ» አለች። «እንግዲያው ልቀቋቸው! የቢምረው ልጅ አትዋሽም» አሉ። ዱላው ወረደ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ተሰልፎ አወራልኝ። ያን ቀን ዋሳችን የሆነው የአባቷ ስም ነው።

ኔትወርክ የሚገኘው ከገበያው በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ነው ተባለ። የቀዳሁትን ለመላክ ብቻዬን ወጣሁ። ስልኩ ጮኸ፤ ለትርንጎ የመጣ መልእክት ነው። አጎቷ አያ ደሴ የላከው። ላነብ አላሰብሁም፤ ጽሑፉ ራሱ ወጥቶ ተደቀነብኝ።

ተናጋሪ አንድ፦ ትርንጎ፣ እኔ ደሴ ነኝ። አባትሽን ትንሽ አሞታል። አትደንግጪ፣ ሥራሽን ስትጨርሺ ብቅ በይ።

ተናጋሪ ሁለት፦ መቃብሩ ተቆፍሮ አልቋል፤ ካህናቱም መጥተዋል።

ተናጋሪ ሦስት፦ ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ቢምረው!

ድምፁን ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት። የሚሰማው የአያ ደሴ የረጋ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከኋላው ነፋስ የሚመስል ነገር አለ። ሰውየው ከለቅሶው ራቅ ብሎ፣ ድምፁን አጥርቶ፣ ወጉ በሚያዘው መንገድ ነው የተናገረው። ያልተነገረውን ሰምቶ ያወጣው የእኔ ሥራ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አባቷ ሞተዋል፤ ምናልባት ገበያ ውስጥ ስማቸው ዋስ በሆነን ሰዓት እየተቀበሩ ነበር። እሷ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለማንም አላስተምርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፣ ጎህ ሲቀድ ገብተው ከበው ይነግሩታል። እንኳን በስልክ ጽሑፍ፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም።

ትርንጎ ከታች እያለከለከች መጣች። «ጋሼ፣ ከቤት መልእክት አለ?»

«አጎትሽ ነው። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ስትጨርሺ ብቅ በይ ይላል።»

«እስቲ አሰማኝ።»

«ባትሪው አለቀ» አልሁና ስልኩን አጥፍቼ ካልሲዬ ውስጥ ከተትሁት። ምን ዓይነት ሞኝ ነው ስልኩን ካልሲው ውስጥ የሚከት? ትክ ብላ አየችኝና «እሺ» አለች።

በነፋስ መውጫ በኩል ተመልሰን በፍጥነት እስቴ ልንገባ ፈልጌ ነበር፤ ወደ ኋላ ያለው መንገድ ተዘግቷል ተባለ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ያለው አማራጭ በማግሥቱ ወደ ስማዳ የሚሄድ አይሱዙ፣ ከስማዳ ደግሞ ወደ እስቴ የሚሄድ ከተገኘ ሌላ መኪና ነው። ስለዚህ ለአዳር እንደታሰበው ወደ ቤተ ልሔም በእግር ተነሳን። ሻንጣዋን ተቀበልኋት።

ቤተ ልሔም ጀምበር ሳትጠልቅ ገባን። የድጓ መምህሩ የኔታ በጎጆአቸው ደጅ ተቀበሉን፤ የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን፤ አልጋቸውን ለትርንጎ ለቀቁ። እዚያ ተማሪ ድጓውን በቃሉ ብቻ አይዝም፤ በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከፊደሉ በላይ የዜማውን ጥቃቅን ምልክቶች ደርድሮ፣ በመምህሩ ያሳርማል። አንዱን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለኮምፒውተሩ ብሰጠው፣ ፊደሉን አንብቦ ምልክቶቹን በሙሉ ቆሻሻ ናቸው ብሎ አጠፋቸው።

«ዜማውን ጠርጎ ጣለልን በለኛ!» አሉ የኔታ፤ ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ትርንጎም ሳቀች። የሷ ሳቅ አንጀቴን በላው፤ አብሬ ልስቅ ብሞክር አልሆነልኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ከቅዳሴ መልስ የኔታን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልንገራት አልንገራት እያልሁ ስገላበጥ ነው ያደርሁት። ልጅቱ የአባቷን ሞት የማወቅ መብት አላት፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምደብቃት?

«የኔታ፣ የዚች ልጅ አባት ሞተዋል። እሷ አልሰማችም።»

«ማን ነገረህ?»

«ስልኬ ነው። ማንም አልነገረውም፣ ራሱ ከሩቅ ሰምቶ ጻፈው።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «አንተን እንድትነግራት የላከህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አፍህን ያዝ። መርዶ ወሬ አይደለም ልጄ። የሚነግራት አብሯት የሚያለቅስ ሰው ነው። መንገድ ላይ ነግረሃት ብትወድቅ በማን ላይ ትወድቃለች? እናቷ እዚህ አሉ? እህቷ አለች? አንተ ነህ ያለኸው።»

«ብትጠይቀኝስ? መዋሸቴ አይደለም?»

«ለውሸቷ እኔ እጸልይልሃለሁ» አሉኝ። ኮምፒውተሬ እንዳይከብደኝ ብለው እስከ አርብ ገበያ የሚያደርስልኝ አህያ አስጫኑልኝ። እንዲህ ያለ ደግነት ባሕር ዳር ብዙ ዓመት ኖሬ ከጎረቤቴ አላየሁም።

ጉብታዋ ጋ ስንደርስ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከትርንጎ ራቅሁና ለአያ ደሴ ደወልሁ። የማውቀውን ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም።

«እኔ እኮ ከቤት ወጥቼ፣ አጥሩ ጥግ ሄጄ ነው የተናገርሁት! እንዴት አድርጎ ሰማ?»

«እንዲሰማ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ» አልሁት። እንደዚያን ቀን በሥራዬ አፍሬ አላውቅም።

«ሰማች?»

«አልሰማችም።»

«በል የሰማይ የምድር አደራ! እኛ እስክንነግራት አንዲት ነገር እንዳትሰማ። እሁድ አድርሰህ አስረክበን። አደራ በልቶ የተረፈ የለም፣ ትሰማኛለህ?»

እሰማለሁ አልሁት። ቢሮ ተመልሼ ያን ከጀርባ የሚሰማውን ክፍል ሰው ካልፈቀደ እንዳይሠራ ዘግቼዋለሁ። አለቃዬ «ዋናውን ጌጣችንን ለምን ትዘጋዋለህ?» ብሎ ተቆጣ፤ ባስረዳውም አልገባው አለ፤ እስከ ዛሬ በዚህ ነገር እንጨቃጨቃለን። ሰው ሁሉ ለኮምፒውተሩ በአፉ የሚያወራበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም፤ ኮምፒውተሩም ሲሰማ ይውላል። የሰማውን ሁሉ ለማን፣ መቼ እንደሚናገር የሚያስተምረው ሰው ግን ገና አላየሁም።

ወደ ስማዳ የሄደው አይሱዙ እህል የጫነ ነው። ጋቢናው ውስጥ የነበረችውን አንድ ቦታ ለትርንጎ አስለቅቄ እኔ ከጆንያ ላይ ወጣሁ። አቧራው አነቀኝ፣ ፀሐዩ ጠበሰኝ፣ አንድም ቃል አላልሁም። የስማዳዋ ከተማ ወገዳ ስንገባ ያሳደረችን ባለ ሻይ ቤት ሴት ባቄላ አሹቅ አቀረበችልን፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሌሊቱን ሙሉ በነፋስ ሲንኳኳ አደረ፤ እሱንም «ደህና ቤት ነው» ብዬ አመሰገንሁ። ትርንጎ «አባዬ ዛሬም ድምፅ አልላከም?» አለችኝ። «ኔትወርክ የለም» አልሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም እፎይ አልሁ።

እሁድ

ወደ እስቴ የሚሄድ መኪና ተገኘ፤ ሰው እንደ ጆንያ የተጫነበት። የእስቴ ሰው ይኖርበታል ብዬ ገና ስወጣ የተሳፋሪውን ፊት ሁሉ ቃኘሁ። እውነትም ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰውዬ ከፊታችን ተቀምጦ ትርንጎን ሲያያት፣ ሲያያት ቆየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንቺ፣ የቢምረው ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ» አለች።

«ውይ! እግዜር ያ...»

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። «ኮምፒውተሬን ረገጥኸው እኮ! ዓይን የለህም? እግርህን አንሳ!»

ኮምፒውተሩ ታቅፌው ደረቴ ላይ ነው። ሰውዬው ደረቴን አየ፣ ዓይኔን አየ፣ እሷን አየ። እግሩን ካላረፈበት ነገር ላይ አነሳ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላየሁትም ነበር» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እግዜር ይባርክሽ፣ እንዴት አድገሻል ልልሽ ነበር» አላት። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ወሬው ጠፋ። ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ሽምብራ ቆሎ ዘገነችላት፤ አንዱ ፀሐዩን በጋቢው ከለለላት። እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ የአባቷን ስም የጠራ የለም። አንድ ሕፃን አፉን ቢከፍት ግን ሁሉም ነገር አለቀ።

አያ ደሴ ከከተማው መግቢያ ቆሞ ጠበቀን። ድንኳኑ እንዳይታይ ወደ ሟቹ ቤት አልወሰደንም፤ ዳር ላይ ወዳለው የሚስቱ እህት ቤት አስገባን። «አባትሽን ጸበል ወስደነዋል፣ ነገ ይመጣል» አላት። «እሺ አያ» አለች። እግሯን አጠቧት፣ እንጀራው ቀረበ፣ ብይ ብይ አሏት፤ በላች። በጊዜ ልተኛ ብላ ገባች። እኔና አያ ደሴ ተያየንና ሁለታችንም በረጅሙ ተነፈስን።

ሰኞ

ዶሮ ሲጮህ አያ ደሴ ቀሰቀሰኝ። «አንተም ና፤ ከመንገድ አብረሃት ነበርህ።» የንስሐ አባቷ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከበራፉ ኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የያዙ ሴቶች፣ ሁሉም ቆመዋል። ገባን። ትርንጎ ልብሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቄሱ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ከዚያ አያ ደሴ ድምፁ እየተሰበረ «ትርንጎ ልጄ፣ አባትሽ አርፏል» አላት።

የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሴቶቹ ገብተው በደረታቸው ተቀበሏት። እናቷ መጡ፣ እህቷ መጣች፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትይዛታለች። የኔታ ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ብቻ ለሰማሁት ሰው እንደ ገዛ አባቴ አለቀስሁ።

ቀኑን ድንኳኑ ውስጥ ዋልሁ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ጠላ ይቀዳልኛል፣ ንፍሮ ያቀርብልኛል። አያ ደሴ በሰው ፊት «አደራውን የጠበቀ ሰው ነው» ብሎ መረቀኝ። የሚገባኝ መስሎኝ ተቀበልሁት።

ማክሰኞ

የደብረ ታቦር መኪና በጠዋት ይነሳል። ልሰናበታት ስገባ ትርንጎ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሲሟን መለስሁላት፣ የአባቷን መልእክትም ወደ እህቷ ስልክ እንዳሻገርሁት ነገርኋት። ከዚያ ሌላ የምለው ስላጣሁ «ስለደበቅሁሽ ይቅር በይኝ» አልሁ።

«አልደበቅኸኝም» አለች። «ከአርብ ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«ስልኩን አየሽው?»

«ካልሲህ ውስጥ ያለውን እንዴት አየዋለሁ? አንተን አየሁህ። ለቀዘቀዘ ሻይ ሰው የምትገድል ሰው፣ አፍህን ዘግተህ ሻንጣዬን ተሸከምህ። አባዬ ትንሽ አሞት ቢሆን እኮ ‹የራስሽን ሻንጣ ያዢ› ትለኝ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ዝም አልሽ? እዚያ ሳቅሽ፣ እዚህ በላሽ...»

«ማን ነገረኝና ላልቅስ? የሚነግረኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ እኔ አባት ነበረኝ ጋሼ። የኔታም፣ ያ ባለ ጃንጥላውም፣ ቆሎ የዘገነችልኝ ሴትዮም፣ አንተም፣ ተባብራችሁ አባዬን እስከ ሰኞ አቆያችሁልኝ።»

አያ ደሴ ከውጭ «መኪናው ሊነሳ ነው!» እያለ ይጣራል። ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ፍራሹ ላይ ተቀመጥሁ፤ መኪናውም ሄደ።